ሆዳን የረገጠችው ፍርድ

ሆዳን ሞተች ሲሉኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን ፈቀደላት?» የሚል ነው። ወሬውን ይዞ የመጣው ጎረቤቴ ከድር፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ደንግጦ አየኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሰው ሞተ እኮ ነው የምልህ።»

«ሰምቻለሁ። እኔና እሷ ያልጨረስነው ጉዳይ አለ። ጉዳይ ሳይጨርሱ መሄድ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው?»

ታማ ለሕክምና ሐርጌሳ ድረስ ሄዳ ነበር፤ እዚያው ቀረች። ያገሬ ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔ ግን እወቅሳለሁ። በሕይወት ሳለች ወቅሻታለሁ፤ ሞተች ብዬ ቃሌን የማለሳልስ ሰው አይደለሁም። እሷም ብትሆን እንዲህ ያለውን ማለሳለስ አትወድም ነበር።

እኔ ታደሰ ነኝ። ጅጅጋ ውስጥ ሬዲዮ፣ ኢንቨርተር ወይም ባትሪ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ያውቀኛል። የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ድምፅ ማጉያ የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ከተማው በማለዳ የሚነቃው በእኔ እጅ ሥራ ነው ብል አልዋሸሁም። በወታደርነት ዘመኔ የመገናኛ ሬዲዮ ይዤ ወደዚህ መጣሁ፤ ከካራማራ ወዲህ እንደቀረሁ ቀረሁ። የክፍል ትምህርቴ ከስድስተኛ አያልፍም። እንግሊዝኛን ከሬዲዮ፣ ፊዚክስን ከመጽሐፍ፣ ሱማሊኛን ከገበያ ለራሴ አስተማርኩ። እስካሁን ከራሴ የተሻለ አስተማሪ አላጋጠመኝም። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ ሱቄ ባዶውን ቀርቶ ነበር፤ በአንድ መበየጃ እንደገና የጀመርኩ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ የምናገረው አንባቢ ሆዳን የተጣላችው ከማን ጋር እንደነበር እንዲያውቅ ነው። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ሆዳን ሱቄ የመጣችው በቀጣዩ ዓመት ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት፤ መነጽሯን ሻሿ ላይ ሰክታ «መነጽሬ የት አለ?» የምትል፤ በግመል ወተት የፈላ ሻሂ በፔርሙስ ይዛ የምትዞር፤ ሰላምታ የማትወድ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምር ነበር። ዶክትሬቷን ደግሞ አዲስ አበባ ካሉ አማካሪ ጋር እየተጻጻፈች ትሠራለች። ከጅጅጋ በስተ ሰሜን ያለችው የአውበሬ ከተማ ልጅ ናት።

«መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሬ የማይጠፋበት ነገር እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ለስንት ሰዓት?»

«ሥራው እስኪያልቅ።»

«ሥራው መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እሱን ባውቀው ኖሮ ሥራውን ለምን እሠራለሁ?»

ከዚያ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ስታቢላይዘር አየች። በገዛ እጄ የሠራሁት ነው፤ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ቀረብ ብላ ጀርባውን አዙራ አየችውና «አዴር፣ ይሄ ነገር ቤት ያቃጥላል» አለች። አዴር በሱማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እንደዚያ ናት፤ መጀመሪያ በአክብሮት ትጠራህና ከዚያ ትሰድብሃለች። ስታቢላይዘሩ ግን ማንንም አላቃጠለም። እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ አለ። ብቻ አልሸጥኩትም።

ቤቷ መብራት የሚቆየው እንደ ዕድል ስለነበረ ኮምፒውተሯን እኔ ሱቅ አስቀመጠች፣ ከባትሪዎቼ ጋር ተያይዞ። ቀንም ሌትም ያሰላል። እሷ ከክፍል ስትወጣ እየመጣች ታየዋለች። አትቀመጥም። ቆማ፣ በስክሪብቶዋ ቆብ ጥርሷን እየመታች ታያለች። ደንበኞቼ ወንበር ሲያቀርቡላት «ከተቀመጥኩ አምናለሁ» ትላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ገብቶኛል ብዬ ነው።

ምን እንደምትሠራ ግን ጠየቅኳት። ለሌላው ሰው እንደ ሕፃን ነው የምታስረዳው። ለእኔ እንደ ባላጋራ አስረዳችኝ፤ በዚህ እንኳ አላማርራትም።

ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ሽቦ አለ። ናኖዋየር ይሉታል። የሚሠራው ከሴሚኮንዳክተር፣ ትራንዚስተር ከሚሠራበት ዓይነት ነገር ነው። ይህ ሽቦ ለብቻው ተራ ነገር ነው። ግን ሱፐርኮንዳክተር የሚባል ብረት አለ፤ ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ኪሳራ የሚያሳልፍ። ሽቦውን ከዚህ ብረት ጋር ሲያጣብቁት የብረቱ ጠባይ ወደ ሽቦው ይጋባል። ጎረቤት ስለሆነ ብቻ።

«ገባኝ» አልኳት። «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች።»

ይህን ተረት ሰምታው አታውቅም ነበር። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። በደንብ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «ወላሂ፣ ከመጽሐፉ ይሻላል» አለች። ወዲያው ግን ፊቷን ቋጠረች።

«ጊደሯ ራሷ ንጹሕ ካልሆነችስ?»

ጉዳዩ ይሄ ነበር። ሽቦው ላይ ጠንካራ የማግኔት ኃይል ሲጨመር፣ የአንድ ኤሌክትሮን ግማሹ በአንደኛው ጫፍ፣ ግማሹ በሌላኛው ጫፍ የተቀመጠ ያህል ይሆናል። ግማሾቹ ስለተራራቁ አንድ ቦታ የደረሰ ረብሻ ሁለቱን ባንዴ አያገኛቸውም። በዚህ የማይሳሳት ኮምፒውተር እንሠራለን ብለው ነው የዓለም ሊቃውንት የሚባዝኑት። ምልክቱም ጫፉ ላይ ሲለካ ይታያል፤ ቮልቴጁ ዜሮ በሆነበት ቦታ ግራፉ ላይ አንድ ጉብታ ብቅ ይላል። ሁሉም የሚያሳድደው ያንን ጉብታ ነው። ግን ንጹሕ ሽቦ የለም። ባዕድ አተም ይገባበታል፤ ያልተስተካከለ ቦታ ይኖረዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ቆሻሻ እንበለው። ሆዳን ሽቦውን በእጇ ነክታው አታውቅም፤ ኮምፒውተሯ ውስጥ ትሠራዋለች፣ ቆሻሻ ትበትንበታለች፣ ከዚያ ነገርየው ከቆሻሻው ይተርፋል ወይ ብላ ታሰላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጉብታው መጣ። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ ልክ ዜሮው ላይ። እኔ ስጮህ ከድር እሳት የተነሳ መስሎት ሮጦ መጣ። እሷ ግን በስክሪብቶዋ ቆብ ጥርሷን ትመታለች። ለአማካሪዋ ላከችላቸው። ሰውዬው እጅግ ተደሰቱ፤ የመመረቂያ ሥራሽ እምብርት ይህ ነው፣ ፈታኞች ፊት ቀርበሽ ለመከላከል ተዘጋጂ አሏት። እሷም ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ ሰላም ብላኛለች።

እኔማ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። መብረዝ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት የምንቅምበት ቤት፣ ገብቼ «የዓለም ሊቃውንት የሚፈልጉት ጉብታ በእኔ ሱቅ፣ በእኔ ባትሪ ተገኘ» አልኳቸው። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሱቄ መጥቶ ሊቀዳኝ ቀጠሮ ያዘ። ሱቁን ቀለም አስቀባሁ።

ቀለሙ ሳይደርቅ መጣች።

«አዴር፣ ጉብታው ውሸት ነው።»

«የምን ውሸት? በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

«ከየት ቆመህ?»

ይህ አነጋገር የአባቷ ነው። ሐጂ ጃማ አውበሬ ላይ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ግመል ቢጠፋ፣ በውኃ ጉድጓድ ሰው ቢጣላ፣ ነገሩ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ምስክሮችን አራርቀው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ በማይሰማበት ቦታ አስቀምጠው ለየብቻ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱንም «ከየት ቆመህ ነው ያየኸው?» ይሉታል። ልጅቱ ይህን ከወተት ጋር ነው የጠጣችው።

«ከግራው ጫፍ» አልኳት።

«ቀኙን ማን ጠየቀው? እኔም አልጠየቅኩትም ነበር። አሁን ጠየቅኩት፤ ዝም አለ። ግማሹ እዚያ ከሌለ እዚህ ያለው ግማሽ አይደለም። ቆሻሻው ጫፉ አጠገብ ጉድጓድ ቢጤ ሠርቶ ተራ ኤሌክትሮን አስተኝቶበታል። ቆሻሻውን በሌላ መልክ ስበትነው ጉብታው ይጠፋል።»

«አማካሪሽ ምን አሉ?»

«ተይው አሉ። ላብራቶሪ ያለው ሰው ሁሉ የሚለካው አንድ ጫፍ ነው፣ የታየውን ጻፊ አሉ። እምቢ ካልሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ እኔም ጊዜ የለኝም አሉ።»

«ልክ ናቸው! ሰው ዶክትሬቱን በገዛ እጁ ይቀብራል? ይህን ሽቦ እዚህ አገር ማን አለው? ማን ሊያጣራብሽ ነው?»

«እኔ አጣርቼዋለሁ» አለች።

ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ዞር ብላ ለሁሉም፣ «ይሄ ሰውዬ ባትሪ ያውቃል። ስለ ሽቦው የነገራችሁን ግን አትመኑት፤ አንድ ጫፍ ብቻ አይቶ ነው» አለች። ኮምፒውተሯን ከባትሪዬ ነቅላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣች።

ከድር በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «ጋሽ ታደሰ፣ ጉብታው ቁልቁለት ሆነ እንዴ?» አለኝ። እስከ ማታ መብረዙ ሁሉ ይህን ቃል ይዞታል። ጋዜጠኛውም አልመጣም።

ሌላ ሰው ቢሆን ለዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። እኔ ግን አገሩን አውቃለሁ። በዚህ አገር ልጅ ከአባቷ ቃል፣ ማንም ከሽማግሌ ፍርድ አይወጣም። በሚኒባስ ተሳፍሬ አውበሬ ሄድኩና ሐጂ ጃማ ፊት ከሰስኳት። በሱማሊኛ ነው የከሰስኩት። «ሽማግሌ በሰው ፊት አዋረደች፤ የተሰጠ ቃል አጠፈች፤ ቤተሰቧ ስንት ዓመት የጠበቀውን ማዕረግ በውኃ ልትበትን ነው» አልኩ። ሐጂ ጃማ በሂና የቀላ ጺማቸውን ይዘው ሰሙኝ። ስለ ማዕረጉ ስናገር እጃቸው ቆመ። ልጃቸው ምርቃቷን ልታበላሽ መሆኑን አያውቁም ነበር። ወዲያው አስጠሯት፤ ዓርብ ዕለት፣ ከሶላት በኋላ፣ ጉዳዩ ታየ።

እኔን ግራር ጥላ ሥር፣ እሷን ርቆ ካለው ግድግዳ ሥር አስቀመጡን። ሐጂ ጃማና ሁለት ሽማግሌዎች መጀመሪያ ወደ እኔ መጡ።

«ያየኸው ምንድን ነው?»

«ጉብታ።»

«ከየት ቆመህ?»

«ከግራው ጫፍ።»

አልዋሸሁም፤ እኔ በሕይወቴ ለሽማግሌ ዋሽቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ እሷ ሄዱ። ብዙ ቆዩ። ከሩቅ እጇን ስትዘረጋ ይታየኛል፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ሽማግሌዎቹ እጇን ይከተላሉ። በዚያ ሰዓት፣ እውነቱን ልናገር፣ ተሸንፌያለሁ ብዬ ነበር።

ሁለታችንንም ጠሩን። ሐጂ ጃማ ቆመው ፈረዱ። «ጉብታ መኖሩን ሁለታችሁም ተናግራችኋል። ለአስተማሪሽ ልከሻል፣ ተቀብለዋል። የተላከ ቃል አይዋጥም። ማዕረግሽን ትወስጃለሽ። ከዚህ ሰውዬም ጋር ትታረቂያለሽ። የቀረውን አላህ ያውቃል።»

አሸነፍኩ! ሽማግሌዎቹ ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። ሆዳን አባቷን አየቻቸው።

«አቦ» አለች፤ አባዬ ማለቷ ነው። «ነገሩ የግመል ቢሆን እንዲህ ትፈርድ ነበር?»

«ግመል አይደለም» አሉ። «ልጄ ናት።»

«ሀዬ፣ እሺ። እንግዲያው አልቀበልም።»

ሽማግሌ ፊት፣ አባት ፊት፣ እንዲህ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ሰው ገድሎ እንኳ ፍርድ የሚቀበልበት አገር ነው።

ወደ ጅጅጋ የሚመለስ አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር። ስገባ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ክፍት የቀረው ቦታ አጠገቧ ያለው ብቻ። ተቀመጥኩ። መንገድ ዳር ያለውን የስደተኞች ሠፈር ስናልፍ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ፍርድ ተፈርዷል» አልኩ።

«አዴር፣ መስኮቱን ዝጋው።»

ዘጋሁት። 

በሳምንቱ ለአማካሪዋ ጉብታውን ከሥራዬ አንስቼዋለሁ ብላ ጻፈች። እሳቸውም እንዳሉት አደረጉ፤ ተዉዋት። ሌላ አማካሪ እስክታገኝ፣ ሥራውን ቆሻሻ እንዴት የውሸት ጉብታ እንደሚሠራ ወደሚያሳይ ሥራ እስክትለውጥ፣ ከእሷ ጋር የጀመሩ ሁሉ ዶክተር ተብለው ጨርሰው ነበር። አባቷ ፍርዳቸውን ስለረገጠች አላናገሯትም። እሷም አልለመነችም። አውበሬ ትሄዳለች፣ ወተቷን ከእናቷ ትቀበላለች፣ አባቷ ካሉበት ክፍል ሳትገባ ትመለሳለች፤ የአውበሬ ሰዎች እንዲህ ይሉኝ ነበር።

ከእኔ ጋርም ሰላምታ የለም። ባትሪ ግን ከሌላ ሰው አትገዛም። ትመጣለች፣ የደከመውን ባንኮው ላይ ታስቀምጣለች፤ እኔ እለካለሁ፣ አዲሱን አስቀምጣለሁ፤ ትሄዳለች። ከድር «እናንተ ሰዎች ተጋብታችሁ የተፋታችሁ ነው የምትመስሉት» ይለናል። በነገራችን ላይ አሁን ማንኛውንም ገመድ በሁለቱም ጫፍ ሳልለካ አልመልስም። ይህን ከእሷ አልተማርኩም፤ ጊዜ ባገኝ ራሴ የምደርስበት ነገር ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ዝምታውን ሰበርኩ። በውጭ አገር ጉብታውን አገኘን ብለው ያወጁ ሰዎች ጽሑፋቸውን ስህተት ነበር ብለው እንዳነሱ አነበብኩ። ታላላቅ ላብራቶሪ ያላቸው ሰዎች! ሱቄን ዘግቼ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠበቅኳት።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ሂጂና ለአባትሽ ንገሪያቸው! ማን ልክ እንደነበረ ይስሙ!»

መነጽሯን ከሻሿ ላይ አውርዳ አደረገችና አየችኝ። «ምን ብዬ? እነሱ ስላነሱ እኔ ልክ ሆንኩ? ያ የእነሱ ሽቦ ነው፣ ይሄ የእኔ። ያንዱ ስህተት ለሌላው ምስክር አይሆንም። አዴር፣ አንተ አሁንም አንድ ጫፍ ነው የምታየው።»

እኔ ለእሷ ተቆርቁሬ ሄጄ ይህን አለችኝ! ከዚያ ቀን በኋላ ባትሪውን እንኳ ስሰጣት ፊቷን አላይም ነበር።

በመጨረሻ ዶክተር ተባለች። ሥራዋን ለመከላከል አዲስ አበባ ስትሄድ ማንም አብሯት አልሄደም። ሐጂ ጃማ አልሄዱም። እኔም አልሄድኩም፤ የተፈረደልኝን ፍርድ ረግጣ ላገኘችው ማዕረግ ላጨበጭብ? ስትመለስ ሱቄ መጥታ የደከመ ባትሪ አስቀመጠች። ለካሁት፤ ገና ደህና ነበር። ያልደከመ ባትሪ ለምን አመጣሽ ብዬ ልጮህባት ቀና ስል፣ ቆማ ታየኛለች፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። «ደህና ነው፣ ውሰጂው» አልኳት። ወሰደችው። ከዚያ ታመመች።

ለቅሶ ለመድረስ ከከድር ጋር አውበሬ ሄድኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ቁርዓን ይነበባል። ሐጂ ጃማ እጅጉን አርጅተዋል፤ ጺማቸውን ሂና ከተቀቡ ቆይተዋል መሰለኝ፣ ሥሩ ነጭ ነው። እጄን ሲይዙ አልለቀቁትም። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያኔ አብረው የፈረዱት ሁለቱ ሽማግሌዎችም እዚያው ነበሩ።

«ታደሰ» አሉኝ፣ «ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ያንተ ነው።»

«የእኔ ነው።»

«በእኛ ደንብ የተፈረደለት ሰው ካልተወው ፍርድ አይነሳም። ልጄ ከሽማግሌ ቃል እንደወጣች ሆና እንድትቀር አልፈልግም። እነዚህ ሰዎች ይስሙ፤ ያን ቀን አባት ነበርኩ እንጂ ዳኛ አልነበርኩም። ፍርዱን ተውልኝ።»

የግቢው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከድር በክርኑ ጎሸመኝ። «በል እንጂ፣ ጋሽ ታደሰ። ተውኩ በል። አንድ ቃል ነው።»

አንድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ግን በዚያች ሴት ላይ በሕይወቴ ያሸነፍኩት ያን ብቻ ነው። እሱን ከተውኩ በእኔና በእሷ መካከል ምን ይቀራል? ምንም። ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ።

«አልተውም» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ሐጂ፣ የተሸነፉት እርስዎ አይደሉም። ለእርስዎ አልተውም። የተሸነፈችው ትምጣና ራሷ ትጠይቀኝ።»

 ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሐጂ ጃማ ግን እጄን ይበልጥ ጨበጡት። ከዚያ እሳቸውና እኔ፣ ሁለት ያረጀን ሰዎች፣ ወደ ግቢው በር አየን።